አርኖ ዴማር፦ በቱር 2፣ በጂሮ 8፤ የአንድ ፈረንሳዊ ስፕሪንተር ዘመን በየትኛው ይመዘን?

ፔዳል_ከፒያሳ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ፈረንሳዊው ስፕሪንተር (በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ፈጥኖ የሚያሸንፍ ብስክሌተኛ) አርኖ ዴማር በ2025 የውድድር ዘመን ማብቂያ፣ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ባሸነፈበት በፓሪስ–ቱር ተሰናብቶ ብስክሌቱን ከሰቀለ ወዲህ ስሙ በተነሳ ቁጥር የምሰማው አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፤ «ጎበዝ ነበር፣ ነገር ግን ቱር ደ ፍራንስ ላይ ያሸነፈው ሁለት ምዕራፍ (የብዙ ቀናቱ ውድድር የአንድ ቀን ጉዞ) ብቻ ነው» ይባላል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ፍርዱ ግን ትክክል አይመስለኝም፤ ይህን ክር የከፈትኩትም ለዚህ ነው።

ዴማር በ1991 ከፓሪስ በስተሰሜን በምትገኘው በቦቬ ከተማ ተወለደ። በ2011 በኮፐንሃገን ከ23 ዓመት በታች የዓለም የጎዳና ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለተኛ የወጣውም የአገሩ ልጅ አድሪያን ፔቲ ነበር። በተከታዩ ዓመት የፈረንሳይ ሎተሪ ድርጅት ስፖንሰር ወደሆነበት ወደ ኤፍዴዥ ቡድን ገብቶ ገና በመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ዓመቱ የሃምቡርግን ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ ሻምፒዮንነትን ሦስት ጊዜ (2014፣ 2017 እና 2020) ወሰደ፤ ከአንድ ቀን ውድድሮች በ2016 ሚላን–ሳንሬሞን፣ በ2021 እና በ2022 ፓሪስ–ቱርን በተከታታይ አሸነፈ። በጣሊያን ዙር፣ በጂሮ ዲ ኢታሊያ፣ በ2019 አንድ፣ በ2020 አራት፣ በ2022 ሦስት፣ በድምሩ ስምንት ምዕራፎችን ሲያሸንፍ የነጥብ መሪውን ማሊያ ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ለብሷል። በጂሮ ታሪክ ከእሱ የበለጠ ምዕራፍ ያሸነፈ ፈረንሳዊ የለም፤ ታላቁ በርናር ኢኖ እንኳ በስድስት ቆሟል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድል ያለው ሰው በቱር ለምን ሁለት ብቻ ሆነበት? በእኔ እምነት መልሱ ያለው ከእግሩ ጉልበት ይልቅ በቡድኑ የስም ዝርዝር ላይ ነው። ቱር ላይ እያንዳንዱ ቡድን ከ2018 ጀምሮ የሚያሰልፈው ስምንት ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ዘጠኝ ነበር። ዴማር በሙሉ አቅሙ እንዲሮጥ ነፋሱን የሚከልልለት ቢያንስ አራት ሰው የእሱ መሆን አለበት። ኤፍዴዥ ግን ቲቦ ፒኖን፣ ቆይቶም ዳቪድ ጎዱን ይዞ ለጠቅላላ ውጤት የሚታገል ቡድን ነበር፤ እነሱም ተራራ ላይ የሚያጅባቸው ሰው ይፈልጋሉ። ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ ስላልነበረ በ2019፣ በ2020 እና በ2022 ስፕሪንተሩ ወደ ጣሊያን ተላከ። በ2020 በዓለም ላይ ከየትኛውም ብስክሌተኛ በላይ፣ 14 ጊዜ፣ አሸንፎ ሳለ ቱር ላይ አልተሰለፈም። ያልተገኘበትን ውድድር አላሸነፈም ብሎ መክሰስ ምን ዓይነት ሚዛን እንደሆነ አይገባኝም።

ተመልካች_ሩቅ

የክሩን ባለቤት ለዝርዝሩ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም አንድ የዘለሉት ጉዳይ አለ። የ2016ቱ ሳንሬሞ የሥራ ዘመኑ ትልቁ ድል ነው ከተባለ በዚያው ቀን የተነሳው ክርክርም መነሳት አለበት። ዴማር መድረሻው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ቺፕሬሳ ከተባለው ዳገት ጥቂት ቀደም ብሎ ወድቆ ነበር። ከኋላ ተነስቶ መሪዎቹ ላይ ደረሰ፤ አሸነፈም። ከውድድሩ በኋላ ማቴዎ ቶዛቶ እና ኤሮስ ካፔኪ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን ተወዳዳሪዎች ዳገቱ ላይ የቡድኑን መኪና ይዞ ሲወጣ አይተናል ብለው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። እኔ ጥፋተኛ ነው አላልኩም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ጥያቄ የተነሳበትን ድል ምንም እንዳልተባለ አድርጎ ማቅረብ ለአንባቢ ሙሉ ሥዕል አይሰጥም።

ባለጋራዡ

ወንድሜ ተመልካች፣ ሙሉ ሥዕል ከተፈለገ የቀረውንም እንጨምር። ዴማር ክሱን በግልጽ አስተባብሏል፤ ዳኞቹ ምንም ቅጣት አልጣሉም፤ ውጤቱም እስከ ዛሬ እንደ ጸና ነው። በዘር ሐረግ እንደሚቆጠር ርስት ፈረንሳውያን ይህን ውድድር ሲጠብቁት ነበር፤ ከእሱ በፊት የመጨረሻው ፈረንሳዊ አሸናፊ በ1995 ሎራን ዣላቤር ነው። ሃያ አንድ ዓመት ማለት ነው።

እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ስለሆንኩ ከዚያ ቀን ውስጥ የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። መድረሻው በቪያ ሮማ ላይ ሲቃረብ ወጣቱ ፈርናንዶ ጋቪሪያ የፊት ሰው ጎማ ነክቶ ወደቀ፤ ሳጋን እና ካንቼላራ እሱን ለመሸሽ ፍጥነታቸውን አጡ። ከዚያ ፈጥኖ የተነሳው ናሴር ቡሃኒ ነበር። ልክ ሙሉ ክብደቱን ፔዳሉ ላይ ሲጥል ግን ሰንሰለቱ ዘለለበት፤ እግሩ ባዶ ዞረ፣ ሰውነቱ ተናጋ፣ አራተኛ ወጣ። ትንሹ ፒኞን (ሰንሰለቱ የሚዞርበት የኋላ ጎማው ጥርሳም ቀለበት) 11 ጥርስ ነው ያለው፤ ስፕሪንተር ቆሞ ሲረግጥ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው በአንድ ጊዜ ሰንሰለቱን በያዙት ጥቂት ጥርሶች ላይ ነው። የማስተካከያ ገመዱ ጸጉር ታህል ከላላ ወይም ሰንሰለቱ ትንሽ ከተሳሳበ በዝግታ ስትነዳው ምንም አይልም፤ ችግሩ የሚታየው ልክ በዚያች ሰኮንድ ነው። ደንበኞቼ «ሰፈር ውስጥ ስነዳው ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ብቻ ይዘልብኛል» ሲሉኝ የቡሃኒን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ስለዚህ ዴማር ቤን ስዊፍትን እና ዩርገን ሩላንትስን ቀድሞ ሲገባ ዕድል አልረዳውም ብዬ አልከራከርም። ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ እዚያ ቦታ ላይ መገኘቱ ግን የራሱ ነው። ደግሞ በ2018 በዚያው ጎዳና ሦስተኛ ወጥቷል፤ በአንድ ቀን ዕድል ብቻ የሚመጣ ሰው ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ አይወጣም።

ፔዳል_ከፒያሳ

ባለጋራዡ ከእኔ የተሻለ አስረድተዋል። የመኪናው ወሬ ግን በዚያ አላበቃም፤ ተመልካች ሩቅ ስላነሱት ልጨምር። በ2018ቱ ቱር፣ በኮል ዱ ፖርቴ አናት የተጠናቀቀው የፒሬኔ ተራራ ምዕራፍ 65 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ውድድሩ ሲያጥር የሰዓት ገደቡም (ከእሱ ዘግይቶ የገባ የሚሰናበትበት) ስለሚጠብ ለስፕሪንተሮች ከረጅሙ የባሰ አስጨናቂ ነው። ዴማር በገደቡ ውስጥ ገባ። ከውድድሩ የወጣው ጀርመናዊው አንድሬ ግራይፔል በዳገቱ ላይ መኪና ሳይዝ አልቀረም የሚል መልእክት በማኅበራዊ ገጹ ለጠፈ። ዴማር የዳገቱን የጉዞ መረጃ ለሁሉም ግልጽ አደረገ፤ ግራይፔልም ይቅርታ ጠየቀ። በማግስቱ ፖ ከተማ ላይ ዴማር ክሪስቶፍ ላፖርትን ቀድሞ ምዕራፉን አሸነፈ። ሁለተኛውና የመጨረሻው የቱር ድሉ ያ ነው። መልስ መስጠት እንዲህ ነው እላለሁ፤ ወገንተኛ ነህ ካላችሁኝም እቀበላለሁ።

የቶሪኖዋ

ሁላችሁም በሰላም ናችሁ? የምኖረው ጣሊያን ስለሆነ በ2022 ጂሮው ከሳንሬሞ ወደ ኩኔዮ ሲመጣ በባቡር ሄጄ መድረሻው አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ከሜዳው የታየውን ላካፍላችሁ።

ከአጥሩ ሥር ቆሞ ስፕሪንት መጠበቅ ማለት ለሰዓታት ምንም አለማየት ነው። የነበረን ትልቅ ስክሪንና የአስተዋዋቂው ድምፅ ብቻ ነበር። አራት ሰዎች ቀድመው ወጥተው ስለነበር በአጠገቤ የነበሩት ሽማግሌዎች «አሁንስ አይደርሱባቸውም» ማለት ጀምረው ነበር፤ ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ የተያዙት መድረሻው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀረው ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ የማስታወቂያውን ሰሌዳ በመዳፉ መደብደብ ጀመረ። መጀመሪያ የሚሰማው የጎማ ድምፅ ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ይመስላል። በፊቴ ያለፉት ምናልባት በአምስት ሰኮንድ ውስጥ ነው። ያየሁት የዴማርን ሐምራዊ ማሊያ፣ ወደ ጎን እየተወዛወዘ ያለውን ብስክሌት፣ ከጎኑም ጀርመናዊውን ፊል ባውሃውስን ነበር፤ ካቨንዲሽ ሦስተኛ መሆኑን ያወቅሁት ከስክሪኑ ነው። ከመቶ በላይ ሰው ካለፈ በኋላ ዞር ብዬ ሳይ የዴማር አጃቢዎች ገና እየገቡ ነበር፤ ሥራቸውን ጨርሰው ከመንገዱ ዳር እንደ መንገደኛ ቀስ ብለው ይነዱ ነበር።

በቴሌቪዥን የማይገባኝ የነበረው እዚያ ገባኝ። ስፕሪንተሩ ነፋስ የሚመታው መጨረሻ ላይ ለ200 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን መንገድ በሙሉ ነፋሱን የሚቀበሉት ሌሎች ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ወደ ጎን ይወጣል፣ ቀጣዩ ይረከባል። የዴማር ባቡር የሚባለው ይህ ሰልፍ ነበር፦ ኮኖቫሎቫስ፣ ስኮትሰን፣ ሲንክልዳም፣ በመጨረሻም የፒያቼንሳ አካባቢ ልጅ የሆነው ጃኮፖ ጓርኒየሪ።

ዳገት_አይወድም

የቶሪኖዋ፣ እጅግ ደስ የሚል ምስክርነት ነው። ጓርኒየሪን ስላነሱ አንድ ቀን አብሮ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ዴማርን መውደድ የጀመርኩት በድሉ ሳይሆን በዚያ ቀን ነውና።

በ2017ቱ ቱር አራተኛው ምዕራፍ ቪቴል ላይ ተጠናቀቀ። ሳጋን እና ካቨንዲሽ ተነካክተው ካቨንዲሽ አጥሩ ላይ የወደቀበት፣ ሳጋንም ከውድድሩ የተባረረበት ቀን ስለሆነ አሸናፊው ማን እንደነበረ ብዙ ሰው ረስቶታል። አሸናፊው ዴማር ነበር። ዢሚ ካስፔር በ2006 ስትራስቡርግ ላይ ካሸነፈ በኋላ ለ11 ዓመታት አንድም ፈረንሳዊ የቱርን የጅምላ ስፕሪንት አላሸነፈም ነበር፤ በ2016ቱ ቱር ብሪያን ኮካር ሊሞዥ ላይ በማርሴል ኪትል የተቀደመው በሚሊ ሜትሮች ነበር። ዴማር ድሉን ከአረንጓዴው የነጥብ መሪ ማሊያ ጋር ወሰደ።

ደስታው ግን ከአምስት ቀን አልዘለለም። ዘጠነኛው ምዕራፍ ከናንቱዋ ወደ ሻምቤሪ ነው፤ ግራን ኮሎምቢዬ እና ሞን ዱ ሻ በአንድ ቀን የሚወጡበት፣ ሪቺ ፖርት ቁልቁለት ላይ ክፉኛ የወደቀበት። ዴማር ገና በጠዋቱ ከኋላ ቀረ። ጓርኒየሪ፣ ኮኖቫሎቫስ እና ሚካኤል ደላዥ አብረውት ቀሩ፤ ጥለውት ቢሄዱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። አራቱም ከሰዓት ገደቡ ውጭ ገቡ፣ አራቱም ተሰናበቱ።

ለማያውቁ ባጭሩ፦ የሰዓት ገደቡ የሚሰላው የዕለቱ አሸናፊ ከወሰደበት ጊዜ በመቶኛ ነው። ምዕራፉ ከባድ ከሆነና አሸናፊው ፈጥኖ ከነዳ መቶኛው ይሰፋል፤ ቀላል ከሆነ ይጠብባል። ዳገት የማይወዱት ሁሉ ግሩፔቶ በሚባለው የኋለኞች ስብስብ ተጠጋግተው ሜዳውን አብረው እየጎተቱ ደቂቃ ሲቆጥሩ ይውላሉ። ከዚያ ስብስብ የተነጠለ ሰው ግን ነፋሱንም ሰዓቱንም ብቻውን ነው የሚገፋው። ዴማር በ2021ም ቲኝ ላይ በተጠናቀቀው ምዕራፍ በዚሁ ምክንያት ወጥቷል፤ እሱም ዘጠነኛው ምዕራፍ ነበር። ስለዚህ ፔዳል ከፒያሳ፣ ጥፋቱን በሙሉ የቡድኑ ዝርዝር ላይ መጣሉ ትንሽ ያጋደለ ነው። ሁለት ጊዜ ቱር ውስጥ ተሰልፎ ተራራው አስወጥቶታል። ከባድ አካል ያለው ስፕሪንተር ነበር፤ ይህም እውነት ነው።

ፔዳል_ከፒያሳ

ተቀብያለሁ። 2017ን እና 2021ን ከጽሑፌ መተዌ ስህተት ነው። በተለይ 2021 መራር ነው፤ ቡድኑ በስተመጨረሻ ለእሱ ቦታ የሰጠበት ዓመት ነበርና።

ባለጋራዡ

ስለ ቡሃኒ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ የዴማርን ዘመን ያለ እሱ ማውራት ይከብዳል። ሁለቱ በአንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ቡሃኒ በአንድ ዓመት ይበልጠዋል፣ የኤፒናል ልጅ ነው፣ ቦክስ የሚወድ፣ በመንገድ ላይም ትከሻው የማይመለስ። በ2012 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2014 በጂሮ ሦስት ምዕራፍና የነጥብ ማሊያውን ወሰደ። ያንኑ ዓመት ኤፍዴዥ ለቱር የመረጠው ግን ዴማርን ነው። ቡሃኒ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ኮፊዲስ ሄደ፤ በቱር አንድም ምዕራፍ ሳያሸንፍ ቀረ። የቡድኑ አለቃ ማርክ ማዲዮ፣ ራሱ ፓሪስ–ሩቤን ሁለት ጊዜ (1985 እና 1991) ያሸነፈ ሰው፣ ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ቆጥ እንደማያድር አውቆ መምረጥ ነበረበት። ሰው ሁሉ የቡሃኒ እግር ይፈጥናል ይል ነበር፤ እኔም እል ነበር። ዛሬ ሳየው ማዲዮ የመረጠው ከፈጣኑ ይልቅ ሰው አምኖ የሚከተለውን ይመስለኛል።

ተመልካች_ሩቅ

ክርክሩ መልካም መንገድ ይዟል። ሆኖም ሚዛን ከተባለ የፈረንሳይ ስፕሪንተር ሚዛን አንድሬ ዳሪጋድ ነው፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ 22 የቱር ምዕራፎችን አሸንፏል፣ በ1959 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያ ጋር ሲተያይ ሁለት ትንሽ ነው።

ዳገት_አይወድም

ዳሪጋድ ከፊት የሚጎትት ባቡር ጠብቆ የሚሮጥ አልነበረም፤ ከሩቅ ወጥቶ የሚያሸንፍም ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ቁና መስፈር ይከብዳል።

ይልቅ ለእኛ ቀረብ ያለ ማነጻጸሪያ በ2022ቱ ጂሮ አለ። ብዙዎቻችን ያንን ጂሮ የተከታተልነው ለኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ስንል ነው። ቢንያም ዬዚ ላይ ማቲዩ ቫን ደር ፑልን አሸንፎ፣ መድረክ ላይ የጠርሙስ ክዳን ዓይኑን መትቶት ከውድድሩ እስኪወጣ ድረስ ከዴማር ጋር በአንድ ሜዳ ይፎካከር ነበር። ልዩነታቸውን አስተውሉ። ቢንያም ዳገቱን ተቋቁሞ፣ ሰው ሲቀንስለት፣ ብዙ ጊዜም የራሱን መንገድ እየፈለገ ነው የሚሮጠው። ዴማር ሜሲና ላይ ሲያሸንፍ ግን ከፊቱ የነበረው ሥርዓት ነበር። በሁለት ዓመት ልዩነት ቢንያም በቱር ሦስት ምዕራፍና አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። እኔ አንዱን ከአንዱ አላስበልጥም፤ ሥራው ሁለት ዓይነት መሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

የቶሪኖዋ

ባቡሩ ለዴማር ምን ያህል እንደነበረ የሚያሳየው ከ2022 በኋላ የሆነው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ጓርኒየሪ ወደ ሎቶ፣ ሲንክልዳም ወደ አልፔሲን ሄዱ። በ2023 ዴማር ለቱር ሳይመረጥ ቀረ፣ በነሐሴም ውሉ ሳያልቅ ከ11 ዓመት በላይ የቆየበትን ቡድን ለቆ ወደ አርኬያ ሄደ። ከዚያ በኋላ ድል ጨርሶ አልራቀውም፤ በትልልቅ ውድድሮች ግን ያ ሰው አልተመለሰም። ዕድሜም አለበት፤ ነገር ግን ከፊቱ የነበሩት ጎማዎች ተለውጠው ነበር።

ፔዳል_ከፒያሳ

የቶሪኖዋ የጻፉት እኔ ልለው ፈልጌ ያልቻልኩት ነው። «በቱር ሁለት ብቻ» የሚለውን ሚዛን አልቀበልም ብዬ ጀመርኩ፤ አሁን ደግሞ ስምንቱንም የጂሮ ድሎች በእሱ ስም ብቻ መቁጠር ትክክል መሆኑን መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ተመልካች ሩቅ ስቀው ይሆናል።

ለማንኛውም የ2022ቱን ስድስተኛ ምዕራፍ፣ ከፓልሚ ወደ ስካሌያ የተነዳውን፣ ትናንት ማታ እንደገና አየሁት። ዲዬጎ ሮዛ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ከፊት ሲነዳ ዋናው መንጋ እንደ ሽርሽር ይከተለዋል፤ አምስት ሰዓት የሚያንቀላፋ ውድድር ነው። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ግን በዝግታ አድርጋችሁ እዩአቸው። ካሌብ ዩዋን ጀርባውን አጥፎ፣ አገጩ የፊት ጎማውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ያሸነፈ ይመስላል። ዴማር መስመሩ ላይ ክርኖቹን ዘርግቶ ብስክሌቱን ከሥሩ ወደፊት ይወረውረዋል። ሁለቱም ማን እንዳሸነፈ አያውቁም፤ ፎቶው እስኪወጣ ድረስ ዴማር እጁን አላነሳም። ልዩነቱ ከአንድ ጎማ ውፍረት ያንሳል።

ባለጋራዡ

አየሁት። ክርኑን ብቻ አይደለም፤ ከሴላው ላይ ተነስቶ ወገቡን ወደ ኋላ እስከ ጎማው ድረስ ይገፋዋል። ያችን ውርወራ ልጆቹን የማሠለጥን ጊዜ በኖራ መስመር አስምሬ ነው የማለማምዳቸው፤ የፊታችን እሁድ ይህንኑ ቪዲዮ አሳያቸዋለሁ።